ዳክ ገዝቼ ስፒከሬ ለምን ያጉረመርማል? ከደብረ ማርቆስ የተነሳ ጥያቄና የመጡለት መልሶች

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። ጥያቄዬ ስለ ድምፅ ነው። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

አያቴ መሪጌታ ነበሩ። ቢቸና አካባቢ ባለ አንድ የገጠር ደብር ለብዙ ዓመት አገልግለዋል። አንድ የበዓል ሌሊት አጎቴ ቴፕ ይዞ ገብቶ ማሕሌቱን በ60 ደቂቃ ካሴት ቀዳው። አያቴ ካረፉ ቆይተዋል። ካሴቱ ግን አለ። ባለፈው ዓመት የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ወስዶ ወደ ኮምፒውተር አስገለበጠልን።

ፋይሉን በላፕቶፑ ስፒከር ስከፍተው የአያቴ ድምፅ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ሆዴ አልቻለም። አንድ ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ዳክ አስመጣሁ። ለማያውቀው፣ ዳክ ማለት ኮምፒውተሩ በቁጥር ያስቀመጠውን ድምፅ አምፕሊፋየር ወደሚቀበለው የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚቀይር ትንሽ ሳጥን ነው። የእኔው የሲጋራ ፓኮ ያክላል። በአንድ በኩል ዩኤስቢ ይሰካበታል። በሌላ በኩል ቀይና ነጭ የአርሲኤ ገመድ ይወጣለታል። እሱን ከአሮጌው አምፕሊፋየሬ ጋር አገናኘሁት።

ድምፁ በአንዴ ሰፋ። ግን ሦስት ነገር ረበሸኝ። አንደኛ፣ ዘፈንም ዜማም ሳይከፈት ስፒከሩ ዝቅ ባለ ድምፅ እምምም ይላል። ሁለተኛ፣ ማውዙን ሳንቀሳቅስ ቀጭን ጭርርታ ይሰማል። ማውዙን ሳቆም ይቆማል። ሦስተኛ፣ ጓደኛዬ የሰጠኝን የበገና ቅጂ ስከፍት ከእያንዳንዱ ምት ጋር ዝዝዝ የሚል አለ። ዳኩ ብልሽት አለበት? ሸጬው ውዱን ልግዛ?

ከዚህ በታች የመጡልኝን መልሶች በየቁጥራቸው አስቀምጫቸዋለሁ። ክሩ፣ ማለትም የጥያቄና መልሱ ሰንሰለት፣ ስለረዘመና አዲስ የሚገቡ ሰዎች ደጋግመው ስለጠየቁኝ ሁሉንም በራሴ አነጋገር አሳጥሬ ጻፍኩት።

1ኛው መልስ ከባሕር ዳር መጣ። ትሑት ልጅ ነው። ለአያቴ ነፍስ ይማር ብሎ ጀመረ። ከዚያ ዊንዶውስ በእርግጥ ዳኩን የድምፅ መውጫ አድርጎ መርጦት እንደሆነ ጠየቀኝ። ብዙ ሰው ዳክ ሰክቶ በላፕቶፑ ስፒከር ሲሰማ ይከርማል። ከታች ቀኝ ጥግ ያለችውን የስፒከር ምልክት ተጭኖ የዳኩን ስም መምረጥ ነው። ሌላም ጨመረልኝ። የዊንዶውሱን ድምፅ 100 ላይ ትቼ መቀነስና መጨመሩን በአምፕሊፋየሩ እንዳደርገው መከረኝ። ዊንዶውሱ ላይ ሲቀነስ የሚያንሰው ዜማው ብቻ ነው። ከዳኩ በኋላ የሚገባው ጫጫታ እንዳለ ይቀራል። ይህን አላውቅም ነበር። ወዲያው አደረግሁት፤ እምምምታው አልጠፋም እንጂ ከዜማው በታች ሆነልኝ።

2ኛው ከፍኖተ ሰላም ነው። ይኼኛው አልተግደረደረም። ዳክ የሚባለው ሁሉ ገንዘብ ማባከኛ እንደሆነ፣ ማንኛውም ላፕቶፕ ውስጥ ዳክ እንዳለና የኤርፎን ቀዳዳው እንደሚበቃኝ ጻፈ። ግማሹ እውነት ነው። ላፕቶፕ ውስጥ ዳክ ባይኖር ኖሮ ከኤርፎን ቀዳዳው ምንም ድምፅ አይወጣም ነበር።

3ኛው ለእሱ የመጣ መልስ ነው። ጸሐፊው እዚሁ ማርቆስ ስቱዲዮ ውስጥ የሚሠራ ወንድማችን ነው። ከክሩ ሁሉ ብዙ የተማርኩት ከእሱ ነው። የውጭ ዳክ ጥቅሙ ቺፑ ስለሚበልጥ ሳይሆን ከላፕቶፑ ሆድ ስለሚወጣ መሆኑን አስረዳ። ላፕቶፕ ውስጥ ፕሮሰሰሩ፣ ማራገቢያው፣ ዋይፋዩ ጠባብ ቦታ ላይ ተፋፍገው ይሠራሉ። የእነሱ ኤሌክትሪካዊ ሁካታ ወደ ድምፁ መስመር ይገባል።

ከዚያ ወደ ቁጥሩ ገባ። በሲዲ ደረጃ አንድ ሰከንድ ድምፅ ለእያንዳንዱ ስፒከር በ44,100 ናሙና ይከፈላል። እያንዳንዱ ናሙና ከ65,536 ደረጃዎች አንዱን ይይዛል። 16 ቢት የሚሉት ይህንን ነው። በጣም ደካማ በሆነውና በጣም ከፍ ባለው ድምፅ መካከል 96 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ያህል ስፋት ይሰጣል። ተራ ካሴት ደግሞ ከ50 እስከ 60 ዴሲቤል ቢያስገኝ ነው። ስለዚህ የአያቴን ካሴት ለመስማት 24 ቢት የሚል ውድ ሳጥን እንደማያስፈልገኝ ቁርጡን ነገረኝ። ካሴቱ የያዘው በ16 ቢት ውስጥ ተመቻችቶ ይገባል።

4ኛው አንድ መስመር ብቻ ነው። ከዳንግላ የጻፈች ልጅ የላፕቶፑን ቻርጀር ብነቅል ድምፁ ይጠፋ እንደሆነ ጠየቀች።

5ኛው የእኔ ነው። ያን ማታ ሞከርኩት። ክፍሉን ዘጋሁ። አምፕሊፋየሩን ለወትሮው ከምሰማበት ከፍ አደረግሁ። እምምም አለ። ቻርጀሩን ነቀልኩ። ጭጭ! ማውዙን ወዲህ ወዲያ አልኩት። ምንም የለም። ቻርጀሩን መለስኩ፤ ሁለቱም ድምፆች ተመለሱ። አምስት ጊዜ ደጋገምኩት። ዳኩ ምንም ጥፋት እንደሌለበት ያኔ ገባኝ።

6ኛውን የጻፉልኝ ቡሬ የሚኖሩ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ነው፤ ክሩ ላይ ሁላችንም ጋሼ እያልን ነው የጻፍንላቸው። ነገሩን እንደ ቀለበት አድርገው ሣሉልኝ። አምፕሊፋየሩ የራሱ የመሬት ሽቦ አለው። ቻርጀሩም አለው። ላፕቶፑና አምፕሊፋየሩ ደግሞ በዩኤስቢና በአርሲኤ ገመዱ ሽፋን በኩል ተያይዘዋል። ሁለቱ ከግድግዳው በኩልም፣ ከገመዱ በኩልም ከተገናኙ ቀለበቱ ተዘጋ ማለት ነው። በዚያ ቀለበት ትንሽ ኮረንቲ ይዞራል። የእኛ አገር ኮረንቲ 220 ቮልት ነው፤ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። አምፕሊፋየሩ ያንን ምልልስ እንደ ድምፅ ቆጥሮ ያጎላዋል። እምምም የሚለው እሱ ነው።

ቀጥለው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። የአምፕሊፋየሩን ብሎን በጣቴ ጀርባ ቀስ ብዬ ስነካው ነዘር ነዘር ያደርገኝ እንደሆነ። ያደርገኛል። ሁልጊዜ ያደርገኝ ነበር። ለነገሩ አሮጌ ዕቃ ሁሉ እንደዚያ ነው ብዬ ትቼው ነበር።

7ኛው ከማርቆስ የመጣ ነው። መፍትሔው ቀላል እንደሆነ፣ እሱ ቤት ያደረገውም ይኸው እንደሆነ ጻፈ። ከአምፕሊፋየሩ ስፒና ጎንና ጎን ያሉትን የመሬት ብረቶች በናስትሮ ጠቅልሎ መሰካት ነው። ቀለበቱ ይቆረጣል፤ ድምፁም ይጠፋል።

8ኛው የጋሼ ነው። ተቆጡ። እንዲህ ያለ ምክር ለሰው መስጠት ነፍስ ማጥፋት እንደሆነ ጻፉ። የመሬት ሽቦው የተሠራው ለድምፅ ጥራት አይደለም። አንድ ቀን አምፕሊፋየሩ ውስጥ ፌዙ፣ ኮረንቲ ያለበት ሽቦ፣ ከሣጥኑ ብረት ጋር ቢነካካ ኮረንቲው በዚያ ሽቦ ወደ መሬት ሄዶ ፊውዙን እንዲያቃጥል ነው። ሽቦው ከሌለ የሚሄደው በሚነካው ሰው በኩል ነው። እሳቸው በሠሩበት አንድ ቤት የሆነውንም ነገሩን። የቤቱ ልጅ ወለል ስትወለውል በእርጥብ እጇ የቴፑን ሣጥን ነካች። ያዛት። ወንድሟ ቆጣሪውን ስላጠፋው ተረፈች። የዚያ ቴፕ ስፒና ልክ እንደዚያ በናስትሮ ተጠቅልሎ ነበር።

9ኛው የ7ኛው ሰው መልስ ነው። ተቀይሟል። በሽማግሌ አፍ መሰደብ እንደማይገባው፣ ለዓመታት እንዲህ አድርጎ ምንም እንዳልሆነ ጻፈ። 10ኛው ላይ እኔ ገባሁ። ጋሼ የተቆጡት ስለሚያስቡልን እንደሆነ፣ ምክሩን ግን ማንም እንዳይሠራበት አጥብቄ ለመንኩ። አሁንም እለምናለሁ። ይህን ክር የሚያነብ ሰው ሌላውን ሁሉ ቢረሳ ይህችን እንዳይረሳ።

11ኛው ወደ ኮምፒውተሩ መለሰን። እንጅባራ የሚማር የኮምፒውተር ተማሪ ነው። ዊንዶውስ ከየፕሮግራሙ የሚመጣውን ድምፅ ሁሉ አንድ ላይ ቀላቅሎ በአንድ የናሙና መጠን ብቻ ወደ ዳኩ እንደሚልክ አስረዳ። ብዙ ጊዜ 48,000 ላይ ተቀምጦ ይገኛል፤ የቪዲዮ ድምፅ መጠን ስለሆነ። የእኔ ፋይል ግን 44,100 ነው። ስለዚህ በመንገድ ላይ ይለወጣል። እንዳይለወጥ ከፈለግሁ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከድምፅ ቅንብሩ ገብቶ የዳኩን መጠን 16 ቢት 44,100 ማድረግ ነው። ሁለተኛው ፉባር 2000 የሚባለውን ነፃ ማጫወቻ ጭኖ፣ ከምርጫዎቹ ውስጥ በአውትፑት ሥር የዳኩን ስም በኤክስክሉሲቭ ሞድ መምረጥ ነው። ዋሳፒ የሚባለው መንገድ ነው። ማጫወቻው ዳኩን ለብቻው ይይዘዋል፤ ቀላቃዩ ይዘለላል። እንከኑ፣ በዚያ ሰዓት የሌላ ፕሮግራም ድምፅ በዳኩ አይወጣም። የቴሌግራም ደወልም ዝም ይላል። ለእኔ ይኼ ጥቅም እንጂ እንከን አይደለም።

ስለ ድራይቨርም፣ ዕቃውን ከኮምፒውተሩ ጋር ስለሚያግባባው ፕሮግራም፣ አንድ ነገር አለ። እንደ ፈረንጆቹ ከ2017ቱ የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ወዲህ አብዛኛው ዘመናዊ ዳክ ያለ ድራይቨር ይሠራል። ዊንዶውስ 7 ላይ ያለ ሰው ግን ከአምራቹ ድራይቨር ካልጫነ ብዙዎቹ አይነሡለትም።

12ኛው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ሊነክስ ተጠቃሚ። እዚያም ፓይፕዋየር የሚባለው የድምፅ ፕሮግራም ከመነሻው ሁሉን ወደ 48,000 እንደሚወስድ፣ በቅንብር ፋይሉ ላይ ከሚፈቀዱት መጠኖች ጎን 44,100ን መጨመር እንደሚያስፈልግ ጻፈ። 13ኛው በአጭሩ ማክ ላለው ሰው ኦዲዮ ሚዲ ሴትአፕ የሚባል ፕሮግራም ውስጥ ተመሳሳዩ እንደሚገኝ ጠቆመ።

14ኛው ላይ የስቱዲዮው ወንድማችን ሁሉንም አረጋጋ። የዛሬ ኮምፒውተሮች ከ44,100 ወደ 48,000 ሲለውጡ የሚፈጠረውን ልዩነት በጆሮ መለየት እጅግ ከባድ ነው። ቅንብሩን ማስተካከሉ አይጎዳም፤ ዋጋውም ነፃ ነው። ግን ቤቱ እያጉረመረመ ስለ ናሙና መጠን መጨነቅ ጣራው እያፈሰሰ መጋረጃ እንደመምረጥ ነው። ከስቱዲዮ ጓደኞቹ ጋር ያደረጉትንም አጫወተን። አንዱን ቅጂ በ24 ቢት 96,000 እና በ16 ቢት 44,100 አዘጋጁ። የሁለቱን የድምፅ ከፍታ በትክክል አስተካከሉ። የቱ እንደሆነ ሳያዩ እየተፈራረቁ ሰሙ። ማንም በእርግጠኝነት የለየ የለም። ከፍታውን ማስተካከል ለምን ዋና እንደሆነም ነገረን። ትንሽ ከፍ ብሎ የሚሰማው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስለናል። ሻጮች ውድና ርካሽ ዕቃ ሲያወዳድሩልን ይህን ማስታወስ አለብን።

15ኛው በዚህ አልተስማማም። የ11ኛው ተማሪ ነው። እሱ ልዩነት እንደሚሰማው ጻፈ። 16ኛው፣ ማለትም የፍኖተ ሰላሙ ሰው፣ ጆሮው የሌሊት ወፍ ካልሆነ በቀር እንደማይሰማ መለሰለት። ከዚህ በኋላ ሁለት ሦስት መልስ የተጻፈው በንዴት ነው። አልፌዋለሁ። ያለ ፍተሻ መሟገቱ የትም አላደረሰንም።

19ኛው የሞጣ ነው፤ ሰው ፍላሽ ላይ ሙዚቃ የሚጭንበት ሱቅ አለው። የመጣው ግን ተቆጥቶ ነው። ምክንያቱም 18ኛው ላይ አንድ መምህር የድምፅ ጥራትን የገደሉት የፍላሽ ሱቆች እንደሆኑ ጽፎ ነበር። ባለሱቁ እንዲህ አስላልን። ደንበኛው 4 ጊጋ ፍላሽ ይዞ ይመጣል። 1,000 ዘፈን ይፈልጋል። ለአንዱ ዘፈን የሚደርሰው 4 ሜጋ ነው። 4 ደቂቃ ዘፈን በ4 ሜጋ ውስጥ የሚገባው በሰከንድ 128 ኪሎቢት ብቻ በሚይዝ የተጨመቀ ኤምፒ3 ነው። ጥራት የሚጠይቅ ደንበኛ ቢመጣ እሱም ደስ ብሎት ይጭናል። እውነቱን ነው። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ስጭን ኖሬ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

መምህሩም አልበቃውም። ከዩቲዩብ አውርደው 320 ኪሎቢት ብለው የሚሰይሙትን አነሳ። እዚህ ላይ ግን ልክ ነው። ዩቲዩብ የሚልከው ድምፅ አስቀድሞ የተጨመቀ ነው። እሱን በ320 ዳግም ማስቀመጥ ፋይሉን ያሳብጠዋል እንጂ የጠፋውን አይመልስም። የእንጅባራው ተማሪ ስፔክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ጠቆመን። ፋይሉን ሲከፍቱበት ድምፁን በቀለም ሥዕል ያሳያል። በ128 የተጨመቀ ኤምፒ3 አብዛኛውን ጊዜ 16,000 ኸርዝ አካባቢ በመቁረጫ እንደተቆረጠ ሆኖ ያልቃል። ስሙ ላይ 320 ተጽፎ ሥዕሉ እዚያ ላይ ከተቆረጠ፣ ነገሩ ግልጽ ነው።

ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ከፈተልኝ። የአያቴ ቅጂ ሁለት ነው። አንዱ ዘመድ ለዘመድ በቴሌግራም ሲቀባበለው የኖረው ነው። ሌላው የአክስቴ ልጅ በፍላሽ የላከው። መጠናቸውን አየሁ። የቴሌግራሙ 58 ሜጋ ገደማ ነው፤ ለ60 ደቂቃ ይህ 128 ማለት ነው። የፍላሹ ዌቭ፣ ያልተጨመቀ ፋይል ነው፤ ከ600 ሜጋ ይበልጣል። እኔ እስከዚያ ቀን የምሰማው ትንሹን ነበር! ሁለቱን አከታትዬ ከፈትኳቸው። ልዩነቱ የገባኝ ጸናጽሉ ላይ ነው። በትንሹ ፋይል ጸናጽሉ እንደ ፈሳሽ ሽሽሽ ይላል። በትልቁ ብረት ነው። ቅጠሎቹ ሲጋጩ አንድ አንዱ ይለያል። የዳክ ጥያቄ ይዤ መጥቼ የፋይል መልስ አገኘሁ። ቦታ የሚያሳስበው ሰው ዌቩን ወደ ፍላክ ይለውጠው። ግማሽ ግድም ይቀንሳል፤ ከድምፁ ግን ምንም አይጎድልበትም።

22ኛው መልስ ከባሕር ዳር ነው፤ በገና የምታስተምር እህታችን ናት። ሦስተኛውን ጥያቄዬን ማንም ሳያየው ቀርቶ እሷ አየችው። በገና ላይ የምሰማው ዝዝዝታ ብልሽት እንዳልሆነ በትዕግሥት አስረዳችኝ። በገና 10 አውታር አለው። በእያንዳንዱ አውታርና በድልድዩ መካከል እንዚራ የሚባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ይገባል። አውታሩ ሲመታ ቆዳውን ይነካካዋል፤ ያ ነዝናዛ ድምፅ ከዚያ ይመጣል። እንዚራው በትክክል ካልተቀመጠ በገናው ዝም ይላል፤ ተማሪዎቿ ብዙ ሰዓት የሚያጠፉት እሱን በማስተካከል ነው። በላፕቶፕ ስፒከር ሳይሰማኝ ኖሮ አሁን ከተሰማኝ ዳኩ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው። ይህን መልስ ሳነብ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። የበገናን ነፍስ ጫጫታ ነው ብዬ ላጠፋው ነበር።

ከ23 እስከ 26 ያሉት ከመንገድ ወጡ። ማሕሌት ሲነሳ ቅኔ ተነሳ። ቅኔ ሲነሳ ዋሸራ ይበልጣል፣ ጎንጅ ይበልጣል፣ ዲማ ይበልጣል የሚል የቅኔ ቤቶች ሙግት ተጀመረ። ጎጃም ውስጥ ሁለት ሰው ተገናኝቶ ይህን ሳያነሳ አይለያይም። ደስ የሚል ሙግት ነበር። ግን ለሌላ ክር ይሁን።

27ኛው አንዲት የደጀን እናት ናቸው። እሳቸውም ቤት የአባታቸው ካሴቶች አሉ። ዳክ ቢገዙ ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር ያስገባላቸው እንደሆነ ጠየቁ። የስቱዲዮው ወንድማችን በአክብሮት መለሰላቸው። ዳክ የሚሄደው ከቁጥር ወደ ድምፅ ነው። እሳቸው የሚፈልጉት ተቃራኒውን፣ ከድምፅ ወደ ቁጥር የሚወስደውን ነው። ሁለቱንም አንድ ላይ የያዙ ርካሽ የዩኤስቢ ሣጥኖች ስላሉ ከመግዛታቸው በፊት መስመር ማስገቢያ ቀዳዳ እንዳለው ይዩ። የላፕቶፕ የማይክ ቀዳዳ ለዚህ አይሆንም፤ በአብዛኛው ለአንድ ቻናል ብቻ የተሠራ ነው፤ ከቴፕ የሚወጣው ድምፅም ይበዛበታል። ከመቅዳት በፊት የቴፑን ሄድ፣ ካሴቱን የሚያነበውን ብረት፣ ማጽዳትም ግድ ነው።

አንድ ሰው እዚህ ላይ በአረቄ ማጽዳት እንደሚቻል ጻፈ። 29ኛው ቶሎ አረመው። አረቄ ውስጥ ብዙ ውኃ አለ፤ ሌላም የሚጣበቅ ነገር አይጠፋውም። ከፋርማሲ ንጹሕ አልኮል ገዝቶ በጥጥ ነው የሚጸዳው። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ሲወጣ ደንግጠው እንዳይተውት፣ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ይደጋግሙት። እናታችን አመስግነው ወጡ። ካሴቶቹን ከፀሐይና ከስፒከር ማግኔት እንዲያርቁ እኔም አደራ ብያቸዋለሁ።

31ኛው ስለ ክፍሉ ነው። ክፍል ከዳክ በላይ ድምፅ እንደሚለውጥ አንድ ሰው ጻፈ። የእኔ ቤት ጭቃ ነው፤ ጣራው ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ የለውም። ከበሮው ሲመታ ቆርቆሮው አብሮ ይርገበገባል። ስፒከሮቹን ከግድግዳው ክንድ ያህል እንዳርቃቸው፣ ከፊት ለፊታቸው ያለው ባዶ ግድግዳ ላይ ጋቢ እጥፍ አድርጌ እንድሰቅል መከረኝ። ጋቢው ሹሉን ድምፅ ይውጣል፤ ወፍራሙን ግን አይችለውም። ሰቀልኩት። ጸናጽሉ ረጋ አለ።

34ኛው ላይ ጋሼ ተመለሱ። ነዘር ነዘር ማለቱን ከጻፍኩ በኋላ አልተኙበትም። ሣጥኑ እንደዚያ ካደረገ ሶኬቱ የመሬት ብረት ይኑረው እንጂ ከጀርባው ሽቦ ላይኖረው እንደሚችል ጠረጠሩ። ሰው እንዲያየው፣ እኔ ራሴ እንዳልነካካው አስጠነቀቁኝ። እዚሁ ያለ ኤሌክትሪሺያን ጠራሁ። ቆጣሪውን አጥፍቶ ሶኬቱን በካቻቢቴ ፈታ። እንዳሉት ነው። ሁለት ሽቦ ብቻ። የመሬቱ ቦታ ባዶ፤ ብሎኑ እንኳ አንድም ቀን ተፈትቶ የማያውቅ። ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ እንዲህ ነበር።

አሠራሁት። ከቤቱ ጀርባ፣ የጣራው ውኃ በሚወርድበት እርጥብ ቦታ፣ የመዳብ ዘንግ በመዶሻ ገባ። ከእሱ ሽቦ ወደ ቆጣሪው፣ ከቆጣሪው ወደ ሶኬቶቹ ሁሉ ተዘረጋ። ጋሼ በበጋ መሬቱ ሲደርቅ ደግሜ እንዳስለካው ነግረውኛል። የአምፕሊፋየሩን ብሎን ነካሁት። ቀዝቃዛ ብረት ብቻ። አምፕሊፋየሩንም ቻርጀሩንም አንድ ኤክስቴንሽን ላይ ሰካኋቸው፤ በሁለት ግድግዳ ቢሰኩ የሚረዝመው ቀለበት በአንድ ክንድ ገመድ አጠረ። እምምምታው ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ ካልደገፍኩ አይሰማም። የማውዙ ጭርርታ ግን ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

36ኛው ደስ ያሰኘኝ ነው። ጋሼ ቤታቸው ተቀምጦ የነበረ የድምፅ ትራንስፎርመር አገኙ። ለመኪና ቴፕ የሚሸጠው ዓይነት ነው፤ በሁለቱ የአርሲኤ ገመዶች መካከል ይገባል። ድምፁን በማግኔት ያሻግራል፤ ሽቦ ለሽቦ ግን አይነካካም። በሚኒባስ ሹፌር ላኩልኝ። ገንዘብ አልቀበልም አሉ። ሰካሁት፤ ጭርርታው ድርግም ብሎ ጠፋ። የስቱዲዮው ወንድማችን ርካሽ ትራንስፎርመር ወፍራሙን ድምፅ ትንሽ እንደሚበላ አስጠንቅቆኝ ነበር። በገናው ላይ ለየሁት፤ የወፍራሞቹ አውታሮች ሆድ ይሳሳል። ስለዚህ በገና ስሰማ ትራንስፎርመሩን አወጣለሁ፤ ቻርጀሩን እነቅላለሁ፤ ላፕቶፑ በባትሪው ይሠራል። ለሌላው ትራንስፎርመሩ ይበቃኛል።

37ኛው የ7ኛው ሰው ነው። ናስትሮውን ፈትቶ ጥሎታል። የእሱ ቤት ሶኬትም እንደ እኔው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ለጋሼ ይቅርታ ጻፈላቸው። እሳቸውም ስለ ቁጣቸው ይቅርታ ጠየቁት።

38ኛው የመጨረሻው የእኔ መልስ ነው። ዳኩን አልሸጥኩም። ያለፈው እሑድ ከሰዓት ዌቩን ከመጀመሪያው ከፈትኩት። ሽሽሽ የሚለው የካሴቱ የራሱ ድምፅ አለ፤ እሱ ይኑር። መቋሚያዎቹ መሬት ሲመቱ ድንጋይ ላይ እንደሚያርፉ ይሰማል። ወደ ማለቂያው ላይ ከውጭ ዶሮ ይጮኻል። ከዚህ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ከአያቴ ዜማ መሃል ደግሞ በጣም ቅርብ የሆነ ሳል አለ። የእሳቸው መስሎኝ ደጋግሜ ሰማሁት። አጎቴን ጠራሁት። መጥቶ ሰማ። ሳሉ የአያቴ አይደለም፤ የእሱ ነው። ያን ሌሊት ቴፑን በጋቢው ሥር ይዞ አጠገባቸው ቆሞ ነበር።